ከኢየሩሳሌም የመጣ ተራ ቴምብር

«ሞታለች፤ እወቂው።»

«ማን አየ?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ፍትሐት ተደርጎላታል።»

«እሱማ ያኔ ነው።»

«ያኔም ይሁን አሁን…»

ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቶኛል። ወይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፣ ወይ እኔ ከጎታው ሥር የፈሰሰውን ባቄላ መልቀሜን ቀጥያለሁ። ድምፆቹ የእናቴና የታላቅ ወንድሟ የጋሼ አረጋ ናቸው። የሚጨቃጨቁት በእናታቸው፣ ማለት በአያቴ በእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ነው። ዘመኑ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት አልፎ ገብሱ ተወቅቶ የገባበት ሰሞን ነው። ቤታችን ላሊበላ ነው፤ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ዳገቱ ላይ።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ግን ይህን ስሰማ ምንም አልደነገጥሁም። እማሆይ መሞታቸውን እኔም አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ትልልቆቹ አሁን ገና የሰሙት ይመስል መጨቃጨቃቸው ነው የገረመኝ።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን ለእናቴ ሲያወሯት ሰምቻለሁ። እማሆይ ቆብ የደፉ ዕለት ከመሬት ተኙ፤ እንደ ሬሳ በነጭ ተሸፈኑ፤ መጽሐፈ ግንዘት ተነበበላቸው። ላማቸውም በጎቻቸውም ለልጆቻቸው ተከፋፈሉ። «ከዚህ ዓለም ተለዩ» ተብሎ ተለቀሰ። ከዚያ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ይህ ሁሉ እኔ ከመወለዴ በፊት የሆነ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላት አስቡት። ሰው ይሞታል፤ ይፈታል፤ ንብረቱ ይከፈላል፤ ከዚያ ኢየሩሳሌም ይገባል። በእኛ ከተማ ዮርዳኖስ አለ፤ ክረምት ካልሆነ ውኃ የለውም እንጂ። ጎልጎታም አለ። ግን አባ ሲያስተምሩን እነዚህ ምሳሌ ናቸው፣ እውነተኛው ሌላ ነው ይሉናል። እውነተኛው ታዲያ የት ሊሆን ነው? ሰማይ ነዋ።

ከሰማይም ካርድ ይመጣልን ነበር።

ካርዶቹ የሚቀመጡት እናቴ ከአባቷ በወረሰችው የዳዊት ማኅደር ውስጥ ነው። በአንዱ ላይ ወርቅ የለበሰ ጉልላት አለ፤ በሌላው ላይ ግንዳቸው የተጠማዘዘ አሮጌ ዛፎች፤ በሌላው ደግሞ ሻማ የያዘ ሕዝብ ከአንድ ትልቅ በር ፊት ተጨናንቆ። በጀርባቸው የእማሆይ ጽሕፈት አለ፤ ዳር ላይ ደግሞ ቴምብሩ። ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዙን በጣቴ እየዳሰስሁ፣ ይህ መልአኩ ለመውጣት የፈቀደበት ማኅተም ነው እል ነበር። አንዱ ቴምብር ላይ ወጣት ንጉሥ አለ። እሱን ከሰብአ ሰገል አንዱ አደረግሁት።

መነኩሴ የሚሞተው ለዓለሙ ብቻ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፊደልም የለየሁት ከእነዚሁ ካርዶች ነው፤ እናቴ የተጻፈውን በቃሏ ስትለው እኔ በጣቴ እየተከተልሁ። ትምህርት ቤቴ ማኅደሩ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ጠቡ የተነሣው እንዲህ ነው። ከኢየሩሳሌም ተመልሶ አዲስ አበባ የገባ አንድ መነኩሴ «በሰባ አንድ ፋሲካ አንዲት የላስታ መነኩሲት አረፉ» አለ ተባለ። ስማቸውን አልያዘም። ወሬው ካፍ ወዳፍ ሲቀባበል ቆይቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ስም አበጅቶ፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ሆኖ መጣ። እናቴ ከል ልትለብስ ስትሰናዳ ደግሞ ከዚያ ጥምቀት በፊት በነበረው ክረምት አንድ ካርድ ደረሰ፤ ዝናብ የመታው። አባ ወልደ ኪዳን አነበቡት። «ልጆቼ እንዴት ከርማችኋል። እኔ በቸሩ አምላክ ፈቃድ ደኅና ነኝ። በማርያም ቀን ተጻፈ» ይላል።

«ይኸውና!» አለች እናቴ።

«የትኛዋ ማርያም?» አለ ጋሼ አረጋ። «ማርያም በየወሩ ናት! ዓመተ ምሕረት የለው፣ ምን የለው። ይኼ ሳትሞት የጻፈችው ነው፤ አንዱ ፖስታ ቤት ጆንያ ሥር ሲያንቀላፋ ከርሞ አሁን ነቃ።»

ቀኑን ከፖስታ ቤቱ ማኅተም እንዳያዩ ቀለሙ በዝናብ ፈሶ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል።

ጋሼ አረጋ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ይፈራል፤ ያ ነው ችግሩ። ገበያ ላይ «አረጋ የእናቱን ተዝካር ዋጠ» የሚል ቃል ሽው ሲልበት ጊዜ እንቅልፍ አጣ። ስለዚህ እህል በገባ ማግስት ተዝካር አወጣለሁ ብሎ ከከተማው እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ያለውን ዘመድ ጠራ፤ ጌሾ አስወቀጠ፤ ብቅል አስፈጨ። የጎደለው የሚታረድ በሬ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ነጋዴ «አሮጌ ቴምብር አዲስ አበባ ወርቅ ያወጣል፤ በአንዲት ቴምብር መኪና የገዛ አለ» ብሎታል።

እናቴን ያስጨነቃት የበሬው ነገር አይደለም። «በቁሟ ላለች እናት ተዝካር ማውጣት ሟርት ነው፤ መቃብሯን መማስ ነው» ትላለች። እሱ ደግሞ «ለሞተች እናት አለማውጣት ነው ሟርቱ» ይላታል። አባቴ በወንድምና በእህት ጠብ መሀል አልገባም ብሎ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ አውድማው ይወርዳል። እኔ እናቴ የምታለቅሰው ጋሼ አረጋ የመልአኩን ማኅተም ከካርዱ ሊገነጥል ስለሆነ መሰለኝ። እንዲያውም አንዱን በውኃ አርሶ ጠርዙን ሲያነሣ ደርሳ ነጥቃዋለች። የተገነጠለ እንደሆነ እማሆይ መልሰው እንዳይገቡ በሩ የሚዘጋባቸው ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ በአባ ወልደ ኪዳን ዳኝነት ተስማሙ። ከመሸጡ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው ተባለ።

የሚያውቀውን ሰው ያመጣው ራሱ ጋሼ አረጋ ነው። ፍላቂት ገበያ ያገኘው የደሴ ሰው ነው፤ አቶ ሸዕባን ይባላል። ፊት ፖስታ ቤት ሠርቶ በጡረታ የወጣ፣ አሁን ጨርቅ የሚነግድ፣ ቴምብር መሰብሰብ ግን ያልተወው ሰው ነው።

«ቤቶች!»

«ቤት ለእንግዳ» አለች እናቴ። አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችው። «አቶ ሸዕባን፣ የኛ ጋን ጠላ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ለእርስዎ ምን ላቅርብ?»

«ቆሎና ውኃ ካለ ሠርግ ነው፣ ወይዘሮ ሸጌ።»

«ቴምብሩ ላይ የቆሎ ፍርፋሪ እንዳይወድቅበት» አለ ጋሼ አረጋ።

«ገና ዋጋው ሳይታወቅ እንዲህ የሰጋህ» አለው አቶ ሸዕባን፣ «ሲታወቅማ እኛንም ከቤት ታስወጣናለህ።»

አባ ወልደ ኪዳን መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ሸዕባን ከቦርሳው ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ሰሌኑ ላይ ዘረጋ። ቀጥሎ አጉሊ መነጽር አወጣ። ቀጥሎ ወረንጦ። ወረንጦ እኔ የማውቀው እሾህ ሲወጣበት ነው። ካርዱ ላይ እሾህ ፈልጌ አጣሁ።

እናቴ ማኅደሩን ከፈተች።

የመጀመሪያውን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለው። «ይኼ የዮርዳኖስ መንግሥት ነው። ኢየሩሳሌም በነሱ እጅ ሳለች የተላከ። ንጉሡም ገና ልጅ ነው እዚህ ላይ።»

«ዋጋውስ?» አለ ጋሼ አረጋ።

«ተራ።»

ሁለተኛውን አነሣ። «ይኼም የነሱው። ተራ።» ሦስተኛውን አገላብጦ ብዙ አየው። «ይኼ ከጦርነቱ ወዲህ ነው፤ እስራኤሎች ከያዙት በኋላ። አየህ፣ በሦስት ቋንቋ ነው የሚጽፉት። ተራ።»

«ኧረ ባክህ! ዕድሜው ከዚች ልጅ የሚበልጥ እንዴት ተራ ይሆናል?»

«አቶ አረጋ፣ ቴምብር እንደ ሰው ነው። ያረጀ ሁሉ አይከበርም። የሚፈለገው ጥቂት የታተመው ነው። ይኼን ለሕዝቡ ሁሉ እንዲበቃ አድርገው አትመውታል፤ የትም ይገኛል። ሲቀጥል ደግሞ ጥርሱን እይ፤ ይኸ ጋ ጎድሏል። ጥርሱ የጎደለ ቴምብር ማን ይገዛል?»

ጋሼ አረጋ የፊት ጥርሱን ካጣ ቆይቷል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«በል እንግዲህ ወንድምዬ፣ ዋጋህን ሰማህ» አለችው።

አባ ሳል ያመማቸው መስለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጋሼ አረጋ ግን አልሳቀም።

«ይኼንን ደግሞ በውኃ የነካው ማነው?» አለ አቶ ሸዕባን፣ የተላጠውን ጠርዝ በወረንጦው ቀና አድርጎ።

«እ… እንዲላቀቅ ብዬ ነው።»

«አይላቀቅም! ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ካርዱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከየት መጣ፣ መቼ መጣ የሚለው የሚታወቀው ሁለቱ ሳይለያዩ ነው። ስትገነጥለው ምስክሩን ገደልኸው ማለት ነው። እንደ ካርድነቱ ትንሽ የሚያወጣ ቢኖር እንኳ ያኔ የቆሎም አያወጣ።»

ተራ በተባለ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር። ከሰማይ የመጣን ነገር ተራ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እናቴም ፊቷን የሸፈነችው አፍራ መሰለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስጠይቃት ሳቀች። «ምን ማፈር አመጣሽ! ‹ተራ› ባለ ቁጥር ‹ተመስገን› እል ነበር። የሚሸጥ ከሌለ በሬ የለ፣ በሬ ከሌለ ተዝካሩ ይቆያል፣ ያለ ሥጋ ሕዝብ አይጠራም ብዬ» አለችኝ። እሷ ነጠላዋ ውስጥ የደበቀችው ደስታዋን ነበር፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ እሷ ውርደት ሳለቅስ።

ጋሼ አረጋ ግን ቀላል ሰው አልነበረም። «ደግ» አለ። «በሬው ቀረ። በሽሮም ቢሆን ይወጣል። እናቴን ያለ ተዝካር አላስቀራትም፤ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ሰው ተጠርቷል። ለሰንበቴ አባላት ምን ልበላቸው? ‹እህቴ ህልም አየች› ልበል?»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ደስታው ጠፍቶ ነበር።

ይሄኔ አቶ ሸዕባን የመጨረሻውን፣ ያን ዝናብ የመታውን ካርድ አንሥቷል። «ተራ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አጉሊ መነጽሩን አስጠጋ። አራቀ። ካርዱን ይዞ ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄደ።

«መነኩሲቷ አረፉ የተባለው መቼ ነው ያላችሁኝ?»

«ለሰባ አንድ ፋሲካ» አለ ጋሼ አረጋ።

«ታዲያ ይኼን ማን ላከው?»

«እናቴ ናታ። ሳትሞት። ፖስታ ቤት ተኝቶ ነው የቆየው።»

«ፖስታ ቤት ካርድ ሊያስተኛ ይችላል» አለ አቶ ሸዕባን። «እዚያ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አልክድህም። ያልታተመ ቴምብር ግን አያስተኛም።»

ማንም አልገባውም። ተመልሶ መጣና ከቦርሳው አልበሙን አወጣ፤ በብራና ፈንታ ወፍራም ወረቀት ያለው፣ ቴምብሮቹ እንደ ስንክሳር ቅዱሳን በረድፍ የተደረደሩበት። ገልጦ ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ካርዱን ከጎኑ አስቀመጠው።

«አባ፣ እርስዎ ይዩት። አንድ አይደሉም?»

አባ ወልደ ኪዳን አጎነበሱ። «ወንድማማች ናቸው። መልኩም፣ ይቺም ምልክት።»

«ይቺ ምልክት የገንዘባቸው ስም ናት። እዚያ አገር ካቻምና ገንዘቡን ለወጡት፤ የድሮውን ጥለው በአዲስ ተኩ። ቴምብሩም በአዲሱ ገንዘብ ሂሳብ ወጣ። እነዚያን ቅድም ያየናቸውን ተመልከቱ፤ አንዳቸውም ላይ ይቺ ምልክት የለችም። የኔዎቹ አምስት ናቸው፤ አስመራ ላለ ነጋዴ ወዳጄ ከመጣ ደብዳቤ ላይ ያገኘኋቸው። ይኸው የአንዱ ማኅተም ጥርት ብሏል፤ ያለፈው ዓመት ነው።» ጣቱን ካርዱ ላይ ሳያስነካ ከላዩ አንሳፈፈው። «በሰባ አንድ ፋሲካ የሞተ ሰው ይቺን ቴምብር ሊገዛት አይችልም። አልነበረችም።»

ጋሼ አረጋ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ቴምብሮች አስተያየ።

«ሌላ ሰው ገዝቶ ቢልክላትስ? የድሮ ጽሑፏን?» አለ ጋሼ አረጋ። ድምፁ ግን ቀጥኗል።

አባ ካርዱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «አረጋ፣ እዚህ ላይ ‹ለልጄ ለሸጌ ልጅ ለትርንጎ፣ ጥርሷን ለምትነቅለው፣ ሰላምታዬ ይድረሳት› ይላል። ያን ጊዜ በደንብ አልነበበልኝም፤ ቀለሙ ፈሶ። ይቺ ልጅ በሰባ አንድ ገና የወተት ጥርሷ መቼ ተነቃነቀና? ሸጌ፣ ማን ነገራቸው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ አባ!» አለች እናቴ። «አምና ለጥምቀት በጻፉልኝ ደብዳቤ ላይ!»

«እኔ ነኝን? እኔማ የስንቱን እጽፋለሁ፤ ረሳሁት!»

«ታዲያ እንዲህ ተራ ከሆነ» አለ ጋሼ አረጋ ወደ አቶ ሸዕባን ዞሮ፣ የሚይዘው እንዳጣ ሰው፣ «አንተስ እንዴት እንዲህ ለይተህ አወቅኸው?»

«ተራ ስለሆነ ነዋ! ውድ ቢሆን ኖሮ የት አይቼው አውቀዋለሁ?»

ያኔ እናቴ እልል አለች። እልልታዋን ሰምታ የጎረቤት ሴት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከግቢዋ አጀበቻት። አባ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው አማተቡ። አቶ ሸዕባን «አልሐምዱሊላህ» አለና እፍኝ ቆሎ አፉ ውስጥ ጨመረ። ጋሼ አረጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ተዝካር ተዝካር ሲል አንድም ቀን እንዳላለቀሰ ያስተዋልሁት አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ ነው። ለካ እሱም አላመነም ነበር።

እኔ ግን ጮኼ አለቀስሁ። የሁሉም ደስታ እስኪቋረጥ ድረስ።

«ምን ሆንሽ፣ ትርንጎ? አያትሽ አሉ እኮ! አልሞቱም!»

«ለምን አባረሯቸው?»

«እነማን?»

«መላእክቱ! ከሰማይ ለምን አባረሯቸው?»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። እናቴ አቅፋ ወደ ጉልበቷ አስጠጋችኝ። ኢየሩሳሌም ሰው የሚኖርባት፣ ሽንኩርት የሚሸጥባት፣ ብርድ የሚበርድባት አገር መሆኗን፣ እማሆይም እዚያ ጉልበታቸውን እያመማቸው ማሰሮ የሚጥዱ መሆናቸውን ቀስ ብላ ነገረችኝ። ባቄላ የሚያክል እንባዬን ጠርጌ አዳመጥሁ። እውነቱን ብነግራችሁ፣ አልተስማማኝም። ሰማዩ ይሻል ነበር። ማኅተሙ የመልአክ ቀርቶ የፖስታ ቤት መሆኑን ለመቀበል ብዙ ሰንበቻለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ካርድ መጣልን፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ጽሕፈታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቴምብሩ ግን ሁልጊዜ ተራ ሆኖ። አሁን ማኅደሩን ስከፍት ከሁሉ ቀድሜ የማነሣው ያንን ዝናብ የመታውን ነው። ሰው ዋጋውን ሲጠይቀኝ «ምንም አያወጣም» እላለሁ፤ ደስ እያለኝ።

ሁሉም እንባውን ጠርጎ ሲጨርስ ጋሼ አረጋ ራሱን ቀና አደረገ።

«ጠላውሳ?» አለ።

«የምን ጠላ?» አለች እናቴ።

«ነገ የሚጠመቀው ነዋ! ብቅሉ፣ ጌሾው፣ የተጠራው ሰው! ምን ብዬ ልመልሰው ነው? ‹ይቅርታ፣ እናቴ አልሞተችም፣ አትምጡ› ይባላል? የአገር መሳቂያ ልሁን?»

አባ ወልደ ኪዳን መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው አቆሙ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፤ «አረጋ፣ ያ መነኩሴ አልዋሸም ይሆናል። በሰባ አንድ ፋሲካ አንዲት የላስታ መነኩሲት አርፈዋል። የኛ እማሆይ አይደሉም እንጂ የሞቱት ሴትዮ አሉ። ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው ማን ያውቃል። ዘመድ ካላቸውም ወሬው ወደኛ ሲመጣ እነሱ አልሰሙም።»

እናቴ አማተበች። «ውይ፣ የኔ እናት» አለች፣ ለማታውቃት ሴት።

«እና?» አለ ጋሼ አረጋ፣ ወዴት እንደሚወስዱት እየገባው።

«እናማ ተዝካሩ ለእሳቸው ይውጣ።»

«ለማላውቃት ሴት? ስሟን እንኳ!»

«ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። እኛ ‹እኅትነ› ብለን እንጠራለን።»

«አባ፣ ቀበሌ ያስፈቀድሁት በእናቴ ስም ነው! ሊቀመንበሩ እንደሁ ድግስ የሚባል ነገር ሲሰማ የፊውዳል ልማድ ነው እያለ ነው፤ ስንት ለምኜው!»

«ሊቀመንበሩ ሟቿን አያውቋቸውም፤ እኛም አናውቃቸውም። እኩል ነን።»

አቶ ሸዕባን ቆሎውን ይዞ ሳቁን አፈነ። «አቶ አረጋ፣ ደግሞ አስበው፤ እዚያ አገር እናትህን የሚቀብራቸው ማነው? ቀናቸው ሲደርስ የማያውቃቸው ሰው አይደለም?»

ጋሼ አረጋ ይህን ሲሰማ ጋቢውን አስተካከለ። እናቴን አየ፤ ካርዱን አየ፤ ጎደሎ ጥርሱን በምላሱ ነካ ነካ አደረገ።

«ሰውን ዞሮ የሚነግረው ማነው?» አለ።

«የጠራው ነዋ» አለች እናቴ።

«በየደጁ እየቆምሁ ‹እናቴ በሕይወት አለች፣ ለተዝካሩ ግን ኑ› ልበል?»

«በለው።»

«ሁሉም እስኪስቅብኝ?»

«ይሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ይመርቁሃል» አሉ አባ።

ጋሼ አረጋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ተነሥቶ ዱላውን ከበሩ ጀርባ አነሣ።

«እሺ» አለ። «ለሴትዮዋ አወጣለሁ። ሰውንም እኔው ዞሬ እነግራለሁ። ግን በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ካሉት ከሩቆቹ ነው የምጀምረው፤ እዚህ ጎረቤት እስክደርስ ድረስ አነጋገሩን እለምደዋለሁ።»